ከድል በኋላ ያለው ጨዋታ

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ የሚል ሰው በዚህ መጽሔት ገጽ ላይ ስለ ጌም ይጽፋል ወይ ብለው የሚቆጡ አንባቢዎች እንደሚኖሩ አስቀድመን እናውቃለን። ቁጣቸውንም ከነምክንያቱ እንቀበላለን። ወላጅ እህል ሸጦ፣ ቡና ለቅሞ ባስተማረው ልጅ እጅ ላይ ከመጽሐፍ ይልቅ ጆይስቲክ ሲታይ ደስ የሚለው ሰው የለም። ሆኖም እኛ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢዎች፣ አራት ጓደኛሞች፣ ባለፈው ክረምት ያየነውን በሆዳችን ይዘን ዝም ማለት አልሆነልንም። ስለዚህ ሊቆጣን የሚፈልግ ሁሉ እስከ መጨረሻው አንብቦ ይቆጣን ዘንድ እንለምናለን።

ነገሩ የተጀመረው ነቀምቴ ላይ ነው። ፕሌይስቴሽን ቤት ማለት በአገራችን ከተሞች ሁሉ እንደሚታወቀው የእግር ኳስ ቤት ማለት ነው፤ ሁለት ልጆች ይቀመጣሉ፣ ዐሥር ልጆች ከኋላ ቆመው ያሠለጥናሉ፣ የተሸነፈ ይከፍላል። ሌላ ዓይነት ጨዋታ እዚያ እምብዛም አይታወቅም። ታዲያ አንድ የፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤት አሮጌ ዕቃውን በአዲስ ሲለውጥ፣ ከመካከላችን አንዱ ፕሌይስቴሽን 2 የሚባለውን ከሁለት ጆይስቲክና ከአንድ ሜሞሪ ካርድ ጋር በርካሽ ገዛው። ምርቃት ተብለው የተሰጡት ሲዲዎች ሁሉ ኳስ ነበሩ። አንዱ ብቻ ሽፋን የሌለው ሆኖ በላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ፋይናል 2» ተብሎ ተጽፎበታል። የዋንጫ ፍጻሜ መስሎን እጅግ ደስ አለን። ከፍተን ስናየው ግን ሜዳም ዳኛም የለም፤ አንዲት ልጃገረድ እጅግ ብዙ ሕዝብ ፊት ቆማ ትዘፍናለች፣ ትጨፍራለች።

ከአራታችን ሁለቱ ወንድምና እኅት ናቸው፤ ቤታቸውም በምሥራቅ ወለጋ ኑኑ ቁምባ ነው። ክረምቱን እነርሱ ቤት እንድናሳልፍ ስለ ጋበዙን ዕቃውን በላስቲክ ጠቅልለን ይዘን ሄድን። የኑኑን ዝናብ ያላየ ሰው ለምን ቤት ውስጥ እንደ ተቀመጥን ሊፈርድብን አይገባም። እናታቸው ቡናውን እያፈሉ፣ በቆሎውን እየጠበሱ፣ እኛ ቴሌቪዥኑ ፊት ተኮልኩለን ሐምሌና ነሐሴን አሳለፍን። መብራቱ በፈለገ ጊዜ ይመጣል፣ በፈለገ ጊዜ ይሄዳል፤ አንድ ቀን የአራት ሰዓት ድካማችንን ሳናስቀምጠው ጠፋብንና ከመካከላችን አንዱ ጆይስቲኩን ወርውሮ ዝናብ ውስጥ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በየሩብ ሰዓቱ ጨዋታውን ሜሞሪ ካርዱ ላይ ማስቀመጥ እንደ ጸሎት የማይታለፍ ሆነ።

አሁን ስለ ጨዋታው። ሙሉ ስሙ ፋይናል ፋንታሲ ቴን-ቱ ነው። ስኩዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ በመጋቢት 1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2003) ያወጣው ሲሆን፣ ኩባንያው ከኤኒክስ ጋር የተዋሐደው ከዚያ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ነው። ፋይናል ፋንታሲ የሚባሉት ጨዋታዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ዓለምና የየራሳቸው ሰዎች ያሏቸው ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገር ታሪክ አልነበራቸውም። የዐሥረኛውን ታሪክ በቀጥታ የሚቀጥል ጨዋታ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነበር። የመጀመሪያውን ክፍል፣ በ1993 ዓ.ም. የወጣውን ማለት ነው፣ ከእኛ ውስጥ አዲስ አበባ ያደገው አንዱ ብቻ የአጎቱ ልጅ ሲጫወት አይቶታል። ሦስታችን ግን ከሁለተኛው ክፍል ነው የገባነው። እርሱም ምስኪን በየደቂቃው «ይኼ ማን ነው? ያ ለምን ሞተ?» እየተባለ መተርጎም ግዴታው ሆነ።

የመጀመሪያው ክፍል ባጭሩ እንዲህ ነው። ስፒራ በምትባል ምድር ላይ ስሙ «ኃጢአት» የተባለ ታላቅ አውሬ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ከተሞችን እያወደመ ይኖራል። የየቮን ሃይማኖት መሪዎች ሕዝቡ በደሉን ቢተው አውሬው ይጠፋል ብለው ያስተምራሉ። በየዘመኑ መንፈስን የሚጠሩ ሰዎች እስከ ፈረሰችው ከተማ እስከ ዛናርካንድ በእግር ተጉዘው፣ ሕይወታቸውን ሰጥተው፣ ጥቂት የዕረፍት ዓመታት ይገዛሉ፤ ከዚያ አውሬው ይመለሳል። ዩና የምትባል ልጅ ከጓደኞችዋ ጋር ተስፋው ውሸት መሆኑን ደርሳበት አውሬውን ለዘለዓለም ታጠፋዋለች። የምትወደው ልጅ ቲዳስ ግን በዚያው ይጠፋል። ተጨዋቹ አልቅሶ መኪናውን ይዘጋል፤ ታሪኩ አለቀ።

ብዙዎች እዚህ ላይ ሁለተኛ ክፍል ለምን አስፈለገ ብለው ጠይቀዋል። የገንዘብ ነገር ነው ይላሉ፤ ነውም፤ ኩባንያ ለጽድቅ አይሠራም። ያ ከባድ ኀዘን በዘፈንና በዳንስ ተለወጠ ብለውም ያዝናሉ። እኛም በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲሁ አልን። ነገር ግን ሦስተኛውና አራተኛው ቀን ላይ አንድ ነገር ቀስ ብሎ ገባን። ከድሉ በኋላ ሁለት ዓመት አልፏል። አውሬው የለም። ታዲያ ሰዎቹ ምን ያደርጋሉ? ተረቶቻችን ሁሉ «አውሬውን ገደለው፤ በሰላምም ኖሩ» ብለው ያቆማሉ። ይህ ጨዋታ «በሰላምም ኖሩ» በምትለው ቃል ውስጥ ገብቶ እስቲ አሳዩኝ ይላል።

ያሳያልም። ጠላት ሲጠፋ አንድ ላይ የቆመው ሕዝብ ይከፋፈላል። ወጣቶቹ የድሮው ውሸት ሁሉ ይገለጥ ብለው የወጣቶች ማኅበር አቋቁመዋል፤ መሪያቸው ኑጅ የተባለ፣ አካሉ ከፊሉ ማሽን የሆነ ወታደር ነው። ሌሎቹ ለውጡ ቀስ ይበል ብለው አዲሱ የቮን በሚባለው ሥር ተሰብስበዋል፤ መሪው ባራላይ የተባለ ለስላሳ ወጣት ነው። ሦስተኛው ጊፓል ለሁለቱም ደንታ የሌለው ይመስላል፤ ማሽን ያወጣል፣ ማሽን ይሸጣል። ሦስቱ ግን ቀድሞ በአንድ ጓድ ውስጥ ጓደኛሞች እንደ ነበሩ፣ እርስ በርሳቸውም የተተኮሰባቸው ምን እንደ ሆነ ሳያውቁ እንደ ተለያዩ ቀስ እያለ ይታወቃል። መቼም የዚህ ዘመን ተማሪ ይህን ሲያይ ጃፓኖቹ ስለ እኛ ከማን ሰሙ ማለቱ አይቀርም።

ኪሊካ በምትባለው ደሴት ዶናና ባርቴሎ የሚባሉ ሰዎች አሉ። በመጀመሪያው ክፍል ከሞት መንገድ ላይ አብረው የተጓዙ ናቸው። አሁን እርስዋ የወጣቶች ማኅበር ደጋፊ ናት፤ እርሱ የአዲሱ የቮን፤ ከቤት አስወጥታዋለች። ትልቁ ሰውዬ በር ላይ ቆሞ እንደ ልጅ ያለቅሳል። ይህ ለቀልድ የገባ ትዕይንት ነው፤ እኛም ሳቅን። ማታ ላይ ግን እናታቸው «እንዲህ ሆነው የተለያዩ ባልና ሚስት እኔም ዐውቃለሁ» አሉን፤ ስም አልጠሩም።

ጠባችን የመጣው በሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ነው። በዚህ ዓለም ያለፈው ታሪክ የሚቀረጸው በኳስ መሰል ድንጋይ ውስጥ ነው። (ከእግር ኳስ አምልጠን ሌላ ኳስ እጅ ላይ ወደቅን!) ዩና አንድ ከባድ ምስጢር የያዘ ኳስ እጅዋ ይገባል፤ ለወጣቶቹ ትስጥ ወይስ ለአዲሱ የቮን? ምርጫው የተጫዋቹ ነው። እኛም ሁለት ለሁለት ተከፈልን። አንደኛው ወገን፣ ሕዝብ የተደበቀበትን የማወቅ መብት አለው አለ። ሌላኛው፣ ምስጢሩ የጦር መሣሪያ ከሆነ ጩኸት ለሚወድ አይሰጥም አለ። ክርክሩ ከጨዋታው ወጥቶ ወደ አገር ሄደ፤ ከአገር ወደ ዘመድ፤ ከዘመድ ወደ ስድብ ሊሄድ ጥቂት ሲቀረው እናታቸው ቡና ነው ብለው ጠሩን። በዕጣ ወሰንን፤ ለወጣቶቹ ደረሰ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አይተን የተሸነፈው ወገን «አላልናችሁም?» አለ፤ ያሸነፈውም «ለነዚያ ብንሰጥም ያው ነበር» አለ። እስካሁን አልተስማማንም። ይኹን እንጂ በዩኒቨርሲቲያችን ስንት ስብሰባ ተቀምጠን እንደዚያ በሙሉ ልብ የተከራከርንበት ቀን ትዝ አይለንም።

ከሁሉ ይልቅ የከበደን የሮንሶና የጓዶ ነገር ነው። ሮንሶ በጋጋዜት ተራራ የሚኖር፣ ቀንድ ያለው ኩሩ ሕዝብ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ሲሞር የተባለ የጓዶ መሪ ሮንሶዎችን ፈጅቷል። ሲሞር ሞቷል፤ ጓዶዎችም በአንድ ሰው ኃጢአት አፍረው ከተማቸውን ጥለው ጫካ ገብተዋል። የሮንሶ ወጣቶች ግን ደም ይፈልጋሉ። ጋሪክ የሚባለው ወጣት እየፎከረ ይዞራል፤ ሽማግሌው ኪማሪ ምን ልበላቸው ብሎ ዩናን ይጠይቃታል። ተጫዋቹ ቃል መምረጥ አለበት። አውሬ መግደል በቍልፍ መጫን ይሆናል፤ ለተበደለ ልጅ የሚነገር ቃል መምረጥ ግን እጃችንን አሰረው። ወለጋ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ምን እንዳየ አንባቢ ያውቃል፤ እዚህ መዘርዘር አንፈልግም። አራታችንም መልሱን ጓደኛችን እንዲመርጥ ጆይስቲኩን እርስ በርሳችን ስንገፋፋ ነበር፤ እንዲያው ማንም ልይዘው አላለም።

የተቀደሰውም ነገር ምን እንደ ሆነ ይታያል። ያ ሁሉ ሰው ሕይወቱን ሊሰጥ የተጓዘባት ዛናርካንድ የቱሪስት መናኸሪያ ሆናለች። አስጎብኚዎች አሉ፣ ወረፋ አለ፣ ዝንጀሮዎች አሉ። ዩና ታዝናለች፤ ያስጎበኙትም የራስዋ ሰዎች ናቸው። ዝንጀሮዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ በማጋባት፣ ሲበዙ ቱሪስቱን እንዲያባርሩ ማድረግ ይቻላል፤ ይህን ሐሳብ ያመጣው ሰው ጤነኛ መሆኑን እንጠራጠራለን፤ ሆኖም አደረግነው። ስናደርገው ነቀምቴ ያለው የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ትዝ አለን። እርሱንም ሰው ከፍሎ ይጎበኘዋል፤ ማንም አይቀየምም፤ እንዲያውም ጎብኚ ሲጠፋ ነው የምናዝነው። ታዲያ የዛናርካንድ ለምን አስቀየመን? ልዩነቱ ምናልባት የዛናርካንዱ ቁስል ገና ሁለት ዓመቱ መሆኑ ነው።

ነቀፌታችንንም እንናገር። ጀግኖቹ ሦስት ሴቶች ብቻ ናቸው፤ ዩና፣ ሪኩ፣ ፔይን። ይህ በ1995 ዓ.ም. ለነበረ ጨዋታ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን በጦርነት መካከል ሙያቸውን የሚለውጡት ልብስ በመለወጥ ነው፤ ልብሱም እየተለወጠ በሄደ ቁጥር ጨርቁ ያንሳል። ከእኛ ውስጥ ሴትዋ «ሴት ሐኪም ለመሆን ሰባት ዓመት ከመማር ቀሚስ መለወጥ ከበቃት እኔም ነገ ልጀምር» ብላ አፌዘች። ከዚያም አልፎ ለወንድ ተጨዋች ዐይን ተብሎ ብቻ የገባ ትዕይንት አለ፤ እናት በቤት ውስጥ እያሉ ስናሳልፈው ሁላችንም ጣሪያ ጣሪያ አየን። የውጊያው ሥርዓት ግን ጥሩ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ጠላት ተራህን ይጠብቅሃል፤ በዚህኛው ሰዓቱ ይሮጣል፤ ስታስብ ትመታለህ። ሌላው ነቀፌታችን መቶኛው ነው። ጨዋታው የሠራኸውን ሁሉ ይቈጥራል፤ አንድ መንደርተኛ ሳታናግር ካለፍህ ክፍልፋይ ትጎድላለች፤ መቶ ሲሞላ ብቻ የሚታይ ፍጻሜ አለ። ፈተና በመቶኛ፣ ውጤት በመቶኛ፤ በክረምትም መቶኛ! ከዚያ ሽሽት አይደለም እንዴ የሄድነው?

ስለ ቋንቋው ደግሞ። ጨዋታው እንግሊዝኛ ነው የሚናገረው። የጓደኛችን እናት እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጦ ሁሉን በኦሮምኛ ይነግራቸው ነበር። ለእኛ ደግሞ አማርኛውን ይጨምራል። በዚያ ሥራው ሳለ እንዲህ አሰብን፦ ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመው ኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተሙ፣ ኋላም በዚሁ በነቀምቴ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ያንን የሚያህል መጽሐፍ በብዕርና በመብራት ዘይት ከተተረጎመ፣ ኮምፒውተር ይዘን የምንዞር ተማሪዎች አንድ ጌም መተርጎም ለምን አቃተን? አዲስ አበባ ውስጥ ቀኔ ጌምስ ኩኩሉንና ገበታን ሠርቷል፤ በርቱ እንላለን። ነገር ግን ረጅም ታሪክ ያለው፣ ሰው የሚያከራክር፣ በራሳችን ቋንቋ የሚናገር ጨዋታ ገና አላየንም። የኮምፒውተር ሳይንስና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች በአንድ ካፌ እየበሉ የማይተዋወቁ ከሆነ ወደፊትም አናይም።

ኢንተርኔት አለ፤ ሌላ ብዙ ጌም በስልክ አለ የሚሉን አሉ። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት ድረስ በምሥራቅ ወለጋ ኢንተርኔት ተዘግቶ፣ ስልክም በትልልቅ ከተሞች ብቻ ሲሠራ፣ በሌሎቹ የወለጋ ዞኖች ደግሞ ሁሉም ጭልም ሲል እኛ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ኔትወርክ የማይጠይቅ ሲዲ ምን እንደ ሆነ የሚያውቀው ያን ያየ ነው።

አሁን ወደ ፍጻሜው። ዩና ከቤትዋ የወጣችው ስለ ፖለቲካ አይደለም። ሪኩ አንድ የተቀረጸ ምስል አሳየቻት፤ በእስር ቤት ውስጥ የጠፋውን ልጅ የሚመስል ሰው ይጮኻል። እርሱን ፍለጋ ነው የወጣችው። የጓደኛችን እናት ታሪኩን የተከተሉትም በዚህ በኩል ነው። ስለ ወጣቶች ማኅበርና ስለ አዲሱ የቮን ግድ የላቸውም፤ ማለዳ ማለዳ እሳቱን እያነደዱ የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ልጆቼ፣ ልጁ ተገኘ ወይ?» የሚጠይቁበትን ምክንያት ለመጻፍ ወንድምና እኅት ፈቅደውልናል። የሁለቱ ታላቅ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ፍለጋ ብሎ ከቤት ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም።

በምስሉ ላይ ያለው ሰው ቲዳስ አይደለም። ሹዪን የሚባል፣ ከሺህ ዓመት በፊት የሚወዳትን ልጅ ሌኔን ከጦርነት አድናለሁ ሲል አብረው የተገደሉ ሰው ነው፤ መንፈሱ ተቆጥቶ ቬግናገን በተባለው ግዙፍ መሣሪያ ዓለምን ሊያጠፋ ይነሣል። ይህ ሲገለጥ ጓደኛችን ለእናቱ ተረጎመላቸው። እሳቸውም «መልክ ብቻ ነዋ» ብለው ስኒውን ሰብስበው ወጡ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጨረስነው፤ ሰባ አራት በመቶ። የልጁን መመለስ የሚያሳየው ፍጻሜ አስቀድሞ መደረግ ያለባቸውን ነገሮች ላሟላ ብቻ ነው የሚታየው፤ እኛ አላሟላንም። አልተመለሰም። ዩና ወደ ጓደኞችዋ ተመልሳ ጉዞዋን ትቀጥላለች። እውነቱን ለመናገር ከአራታችን ሦስቱ ይኸኛው ፍጻሜ ይሻላል ብለን ነበር። የሞተ ሰው በመቶኛ ሲመለስ ኀዘኑ ይረክሳል፤ የመጀመሪያው ክፍል ያስከፈለንን ዋጋ መልሶ በእጃችን እንደ መስጠት ነው። ይህን በቃል ስንጨቃጨቅ እናታቸው ከጓዳ ገቡና መብራቱ የበራውን ቴሌቪዥን አይተው «አለቀ? ተገኘ?» አሉ። ጓደኛችን በኦሮምኛ «ተገኘ፤ ቤቱ ገባ» አላቸው።

እኅቱ ሦስት ቀን አላናገረችውም። ውሸት ነው የነገርካት፤ የየቮን ቄሶች ያደረጉትም ይኸንኑ ነው አለችው። እኛ ሁለቱ እንግዶች ምንም አላልንም፤ የምንለውም አልነበረንም።

ዕቃው፣ ሲዲውና ሜሞሪ ካርዱ እዚያው ኑኑ ቀርተዋል። ጨዋታው ካለቀ በኋላ እንደገና ቢጀመር የቀድሞው መቶኛ አይጠፋም፤ ከነበረበት ይቀጥላል። ጓደኛችን ዘንድሮ ለምዝገባ አንድ ሳምንት ዘግይቶ መጣ። ምን ስትሠራ ነበር ብለን አልጠየቅነውም፤ ስንት ደረሰ ብለን ነው የጠየቅነው። ዘጠና አንድ አለን።